ከትራስ ሥር የተገኘው ልጣጭ

ልጣጩ የተገኘው ከእናትየዋ ትራስ ሥር ነው፤ በሶፍት ተጠቅልሎ፣ ሶፍቱ ደግሞ አሮጌ ካልሲ ውስጥ ተወትፎ። ልብስ ሰፊዋ ልጇ አንሶላ ልትቀይር ትራሱን ስታነሳ ካልሲው ዱብ አለ። አቻው የጠፋ ካልሲ መስሏት ልትጥለው ስትል እርጥበቱ እጇን ነካት፤ ፈታችው። ውጪው ጠይም ቀይ፣ ውስጡ ብርቱካን የመሰለ ስስ ልጣጭ። ስኳር ድንች! ደሟ ፈላ። ካልሲውን አልጋው ሥር ወረወረችው። በዚህ ቤት ስኳር ድንች በበር እንዳይገባ ከተከለከለ ወራት አልፈዋል፤ የተከለከለውም በዋዛ አይደለም። እናትየዋ ስኳር አለባት። የቀኝ እግሯ አውራ ጣት ላይ የወጣው ቁስል አልድን ብሎ ሐኪሙ ባለፈው ቀጠሮ «ስኳሩ ካልወረደ ጣቱን ማትረፍ ያስቸግረናል» ብሏል። ቀጠሮው ደግሞ ዛሬ ነው። በቀጠሮው ማለዳ ከትራስ ሥር ይሄ ይገኝ? ሰው እንዴት በገዛ እግሩ ይቀልዳል?

ስልኳን አንስታ ለታላቅ ወንድሟ ደወለች። ወንድምየው የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ እናቱን የሚጠይቃት በድምፅ ብቻ ነው፣ እሱም ኔትወርክ ሲገኝ። «ጋሼ፣ እጅ ከፍንጅ ያዝኳት!» አለችው፤ ድምፁንም ክፍሉ ሁሉ እንዲሰማው ለቀቀችው። ወንድምየው ሳቀ። «ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል» አለ፤ ቀጥሎ ግን ሳቁን ዋጠና «ኧረ ተይ! እግሯ ሊሄድ ነው እኮ። እኛ እዚህ ደፋ ቀና እንላለን፣ እሷ እዚያ ተደብቃ ትበላለች። ለክሊኒኩ ሲስተር ልጣጩን አሳዪያትና እሷ ትቆጣት፤ እኛንማ ንቃናለች» አለ። እናትየዋ ይህ ሁሉ ሲባል እዚያው መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች፤ የታመመ እግሯን በርጩማ ላይ ሰቅላ መንገዱን ታያለች። ስለ እሷ የሚወራው ስለ ቁም ሳጥን እንደሚወራው ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዕድ ነው ይባላል፤ የእሷ ጆሮ ግን እዚያው ክፍል ውስጥ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ስልኩን ዘግታ ልጣጩን አፍንጫዋ ሥር አቀረበችላትና ጮኸች። «እማዬ! ይሄ ምንድን ነው? ምንድን ነው?» እናትየዋ ልጣጩን አየች፣ ልጇን አየች፣ «ልጣጭ ነው» አለች። ዓይኗንም ወደ መንገዱ መለሰች።

ይህችን ልብስ ሰፊ ክፉ ልጅ ናት የሚል ካለ ግን ይሳሳታል። ክፍሏ አንድ ናት፤ በመጋረጃ ለሁለት ተከፍላ መስኮት ያለው ወገን ለእናቷ ተሰጥቷል፣ እሷ በር በሩ ላይ ፍራሽ አንጥፋ ትተኛለች። ጎህ ሳይቀድ ተነስታ የእናቷን ቁስል አጥባ ፋሻ ትቀይራለች፤ ፋሻ ደግሞ በየሳምንቱ ዋጋው ይጨምራል። ያኔ፣ ከወራት በፊት፣ ክሊኒኩ ውስጥ የአመጋገብ ምክር የምትሰጠው ሲስተር በተጨናነቀ ክፍል ውስጥ «ስኳር ድንች፣ ነጭ ዳቦ፣ ነጭ ሩዝ ይቀንሱ» ካለችበት ቀን ጀምሮ ቃሉ እዚህ ቤት ሕግ ሆነ። ነጩ ዳቦ ቀረ፣ ሩዙ ቀረ፣ ስኳር ድንቹማ ስሙም አይነሳ። ስኳሩን ራሱን ማንም ሳይነግራት ነው የከለከለችው፤ ለስኳር በሽተኛ ስኳር እንደማይሰጥ ሕፃንም ያውቀዋል፣ ሲስተሯም ለዚያ ይሆናል ያላነሳችው። ታዲያ ሰው ምን በልቶ ይደር? ድንች! ተራ ድንች፤ በስሙም በጣዕሙም ስኳር የሌለበት። ጠዋት ተቀቅሎ በትንሽ ጨው፣ ማታ ከጥቅል ጎመን ጋር ተሠርቶ። የድንች ዋጋ እጥፍ ሲሆን ጉልቱ ላይ ስኳር ድንቹ አጠገቡ በግማሽ ዋጋ ተቆልሎ ታየው ነበር፤ ዓይኗን ሳታሽ «ለእናቴ ነው» ብላ ድንቹን ትገዛለች። በማዳበሪያ አልጋው ሥር ታስቀምጠዋለች፣ ሲያቆጠቁጥ በቢላ እየጫረች ታወጣለታለች። በዚህ ሁሉ ስኳሩ አልወርድም አለ። በለኩት ቁጥር ከፍ፣ ከፍ። ከየት ይመጣል? ጥርጣሬ ቀስ እያለ ገባት፤ የእናቷን የሹራብ ኪስ መፈተሽ ጀመረች፣ ከሰው ቤት ስትመለስ አፏን ታሸታለች። እናቷ ኪሷን ራሷ ገልብጣ ታሳያት ነበር።

የምትሠራው የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፋበት ቤት ነው፤ የእሷ ድርሻ ኮሌታ ብቻ ነው። የስፌት መኪኖቹ ከጠዋት እስከ ማታ ሲያጓሩ ስለሚውሉ ሴቶቹ የሚነጋገሩት በጩኸት ነው፤ ሐሜት እንኳ በጩኸት። እሷም ጩኸቱን ይዛው ቤት ትገባለች። ሰው ሲያናግራት «እ?» ትላለች፣ ሁለተኛ ሲነግሯት ደግሞ ሰውየው አፉ ውስጥ ያጉተመተመ ይመስላታል። እናቷ ጋ ሲሆን ግን ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አርጅታለች፣ ጆሮዋ ደክሟል። አንድ ሰሞን ሥራ ቦታ ይህንኑ አንስታ ሴቶቹን አስቃቸዋለች። «እናቴኮ ሐኪም የሚላትን እንኳ ገልብጣ ነው የምትሰማው፤ እኔ ባልኖር ምን ይውጣት ነበር!» እነሱም ከመኪኖቹ በላይ ሳቁላት።

ወደ ክሊኒክ ከመውጣታቸው በፊት ታችኛዋ ጎረቤት ጋ ወረደች። ጎረቤትየዋ የሰው ልብስ አጥባ ተኩሳ የምትኖር ናት፤ እናትየዋን ቀን ቀን ብቻዋን ስትሆን ብቅ እያለች ትጠይቃታለች፤ ስኳር ድንቹም ከእሷ ሌላ ከማን ሊመጣ ነው? ካውያዋን እንደያዘች በሩ ላይ አገኘቻት። ልብስ ሰፊዋ ልጣጩን በላስቲክ ይዛ ኮሪደሩ በሙሉ እስኪሰማ አወረደችባት፤ በሽተኛ ሊገድሉ የሚያጎርሱ ሰዎች አሉ፣ የሰው እናት የሰው መጫወቻ አይደለችም፣ ነገ እግሯ ቢቆረጥ ማን ይሸከማታል። ጎረቤትየዋ ቀይ ሴት ናት፤ ይበልጥ ቀላች። «ግማሿን ነው የሰጠኋት። አፌን መረረኝ ስትለኝ ጊዜ አንጀቴን በላችኝ» ብቻ አለች። «ከእንግዲህ አንጀትሽን ለራስሽ ያዢ!» ብላት ወጣች። ንግግሯ ትንሽ ሞቅ አድርጓት ነበር፤ ጥፋተኛው ሲገኝ ሰው ይቀለዋል።

ክሊኒኩ ውስጥ ረጅሙ አግዳሚ ላይ ተራ ያዙ። አሠሪዋን ግማሽ ቀን ብላ ነው ፈቃድ የጠየቀችው፤ ግማሹ ቀን እዚያው አግዳሚ ላይ አለቀ። አጠገባቸው የተቀመጠ ወፍራም ሰውዬ ስለ መድኃኒት ዋጋ፣ ስለ ልጁ ሠርግ ወጪ፣ ስለ ጉበቱ ሲያወራ ቆየ፤ ልብስ ሰፊዋ ያልሰማችውን ሁሉ «አዎ፣ አዎ» እያለች አለፈችው። ላስቲኩን ጉልበቷ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ ይዛዋለች። እናትየዋ የታመመውን እግር የሰው ጫማ እንዳይረግጠው ወደ ውስጥ ሰብስባ ቁጭ ብላለች። ነጠላ ጫማዋ ፊቱ ተቀድዶ ፋሻው ብቅ ብሏል። አንዴ «ውሃ ልጠጣ» አለች፤ ልጇ «እ?» አለቻት፤ አልደገመችውም።

ጣቷን ወግተው ደሟን ለኩ፤ ቁጥሩን ያየው ነርስ በቀጥታ ወደ ምክር ክፍሉ መራቸው። ሲስተሯ ያችው የበፊቷ ናት፤ ከዓይኗ ሥር የጠቆረ፣ ደከም ያለች ሴት፣ ወንበሯ ጀርባ ላይ ሹራብ የሰቀለች። ልብስ ሰፊዋ እስክትጠየቅ አልጠበቀችም። ላስቲኩን ጠረጴዛው ላይ ፈታችው።

«ሲስተር፣ ይኸውልዎ ጉዱን። ከትራሷ ሥር ነው ያገኘሁት። እኔ ሌት ተቀን እጠብቃለሁ፣ እሷ በጎን ይሄን ታስገባለች። እስኪ ይንገሯት፤ እኔንማ አትሰማኝም።»

ሲስተሯ ልጣጩን በእስክሪብቶ ጫፍ ገልበጥ አድርጋ አየችው። «ብርቱካናማው ነው» አለች፤ ከዚያ ወደ እናትየዋ ዞረች። «እማማ፣ ምን ያህል በሉ?» እናትየዋ መዳፏን ዘርግታ በሌላው እጇ እስከ ግማሹ ለካችላት። «ተቀቅሎ ነው። ጎረቤቴ አልፎ አልፎ ስትቀቅል።» ሲስተሯ ፈገግ አለች። «እንግዲያውስ ጥፋትዎ አንድ ነው፤ ልጣጩን አለመብላትዎ።»

«እ?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ስሙ ነው ያሳጣው እህቴ፣ ክልክል ነገር አይደለም» አለች ሲስተሯ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «በልኩ ይሁን እንጂ ተቀቅሎ በዳቦው ፈንታ ቢበሉት ጥሩ ምግብ ነው። ፋይበር አለው፣ ሆድ ያቆያል፤ ሲቀቀል ስኳሩንም ቀስ እያለ ነው የሚለቀው። ይሄ ብርቱካናማው ደግሞ ቫይታሚን ኤ የሞላበት ነው፤ ለዓይን ይሆናል፣ ቁስል ለሚጠግን ሰውነትም ያግዛል። መድኃኒት ነው አልልሽም፤ ቁልል ሙሉ ከበሉት እሱም ስኳር ያወጣል። ግን አልፎ አልፎ የተበላች ግማሽ ስኳር ድንች ይሄን ቁጥር አታመጣም። ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ነው፤ እስኪ ዛሬ ጠዋት ምን በሉ?»

«ድንች» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ትናንት ማታስ?»

«ድንች። ከእርስዎ ጋር ከተገናኘን ጀምሮ ሌላ አላስነካኋትም። ስኳር ድንች ከከለከሉን ወዲህ ድንች ብቻ!» አለች፤ ድምፅዋ ውስጥ ኩራት ነበረበት፣ ያ ሁሉ ማዳበሪያ፣ ያ ሁሉ ማለዳ ነበረበት።

ሲስተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ስኳር ድንች ማን ከለከላችሁ?»

«እርስዎ ነዎት እንጂ ሲስተር!»

«እኔ?» ሲስተሯ ቀኑን ሙሉ ለመጣው ሁሉ የምትለውን፣ ከብዛቱ የተነሳ ለራሷም የማይሰማትን ቃል በአንድ ትንፋሽ አወረደችው። «ስኳር ድንች ነጭ ዳቦ ነጭ ሩዝ ይቀንሱ ነው የምለው፣ ሌላ…» እዚያ ላይ ቆመች። ከዚያ ሁለተኛ፣ ቀስ ብላ፣ ለራሷ የምትናገር በሚመስል ድምፅ አለችው። «ስኳር። ድንች። ነጭ ዳቦ። ነጭ ሩዝ።» በስኳሩና በድንቹ መሃል አሁን ረጅም ትንፋሽ ገባ።

ልብስ ሰፊዋ ክው አለች። ምድር ተከፍታ ብትውጣት ትወድ ነበር። የአልጋው ሥር ማዳበሪያ ዓይኗ ላይ መጣ፤ በቢላ ጫፍ እየጫረች ያወጣችው ቡቃያ፣ «ጨርሺው እንጂ እማዬ!» እያለች ያስጨረሰችው ሳህን። ጠዋት ድንች፣ ማታ ድንች። የተከለከለውን በገዛ እጇ ስታበላ፣ የተፈቀደውን ስትፈትሽ ኖራለች። ሲስተሯም ፊቷ ተለዋውጦ ነበር። «ስንቱ ሰው እንዲህ ሰምቶኝ ይሆን?» አለች ለማንም ሳይሆን። ከዚያ እናትየዋን በሀዘን አየቻትና «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እኔም እንደ ዘፈን ነው የማወርደው» አለች። እናትየዋ «ኧረ ምን በወጣሽ የኔ ልጅ፣ ሥራ ያደክማል» አለቻት። ልጣጩን ከጠረጴዛው ላይ ያነሳው የለም።

ሐኪሙ ፋሻውን ፈትቶ ብዙ አልቆየም። ጣቱ ጠቁሯል። ከነገ ወዲያ ማለዳ እንዲመጡ፣ ጣቱ መነሳት እንዳለበት፣ የሚነሳውም የቀረው እግር እንዲተርፍ መሆኑን ረጋ ብሎ አስረዳ። ልብስ ሰፊዋ «ዶክተር፣ ስኳሩ ቀድሞ ወርዶ ቢሆን ኖሮስ?» ብላ ጠየቀችው። ጓንቱን እያወለቀ «ምናልባት… እሱን አሁን ባናነሳው ይሻላል» አለ። እናትየዋ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ከዚያ በኋላ ጫማ ይገባልኛል?» ሐኪሙ ይገባል አላት፤ እሷም «ተመስገን» አለች።

በታክሲው ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ስልኩ ጮኸ፤ ወንድምየው ነው። «እህስ፣ ሲስተሯ ተቆጣቻት?» አለ። ልብስ ሰፊዋ «ኋላ እደውልልሃለሁ ጋሼ» ብላ ዘጋችው። ጉልቱ ጋ ሲደርሱ ወርዳ ስኳር ድንች መረጠች፤ ሻጯ ትልልቁን ስታነሳላት «አይ፣ ትናንሹን፣ ብርቱካናማውን» አለች። ዋጋው እንደ በፊቱ ነበር፤ ከድንቹ ግማሽ። መክፈሏ አልከበዳትም፣ ርካሽነቱ ግን አንገበገባት። ደረጃው ሥር ጎረቤትየዋ የተተኮሰ ልብስ ተሸክማ ስትወጣ አገኟት። ልብስ ሰፊዋ አፏን ከፈተች፤ ጎረቤትየዋ ግን እናትየዋን ብቻ «እንዴት ዋሉ እማማ» ብላ ፊቷን አዙራ አለፈች።

ቤት ገብታ አንዱን ስኳር ድንች ከነልጣጩ አጥባ ጣደችው። ፀሐይ ገና አልገባችም፤ በመስኮቱ የሚገባው ብርሃን እናትየዋ ጉልበት ላይ አርፏል። ውሃው እስኪፈላ ልብስ ሰፊዋ የአልጋውን ሥር ማዳበሪያ ጎትታ ውጪ አወጣችው፤ ተመልሳ ገባች፣ ድስቱን ከደነችው፣ ከፈተችው፣ መልሳ ከደነችው። በመጨረሻ ሳትዞር፣ ከወትሮው ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቀች።

«እማዬ… ያን ቀን ሲስተሯ ስትናገር አንቺ ምን ነበር የሰማሽው?»

«ስኳርም፣ ድንችም» አለች እናትየዋ።

«ታዲያ ምነው አልነገርሽኝ?»

«ነግሬሻለሁ። ክሊኒኩ በር ላይ ‹ድንቹንም ብላለች› አልኩሽ። ‹ጆሮሽ ደክሟል፣ እኔ እሰማልሻለሁ› አልሽኝ። ቤት ከገባን በኋላም ነገርኩሽ፤ ‹እማዬ አታድርቂኝ› አልሽኝ። ሦስተኛውን ተውኩት። ዝም አይነቅዝም።»

ትዝ አላት። የክሊኒኩ በር፣ የታክሲዎቹ ጥሩምባ፣ እናቷ ክንዷን ይዛ አንድ ነገር ስትላት፤ እሷም ስቃ በማግስቱ ሥራ ቦታ ማሳቂያ ስታደርገው። ገልብጣ ትሰማለች ያለቻት ይህንኑ ነበር። የደከመው ጆሮ የማን እንደነበረ አሁን ገባት፤ እንባዋ መጣ።

«እያወቅሽ ድንቹን ለምን በላሽው እሺ?»

«ሌላ ምን አቀረብሽልኝ ልጄ?» አለች እናትየዋ። ቁጣ አልነበረበትም። ቢኖርበት ይሻል ነበር።

ስኳር ድንቹ በሰለ። ለሁለት ከፍላ፣ ግማሹን ሳህን ላይ አድርጋ፣ እንፋሎቱ በረድ እስኪል እፍ እያለች አቀረበችላት። እናትየዋ ከነልጣጩ ቆርሳ ቀስ ብላ ማኘክ ጀመረች፤ ሰውን ሳትፈራ፣ በሩን ሳታይ ስትበላ ከስንት ጊዜ በኋላ መሆኑ ነው። ልብስ ሰፊዋ ወለሉ ላይ ተንበረከከች፤ ከጤነኛው እግር በኩል ግንባሯን የእናቷ ጉልበት ላይ አሳርፋ ቀሚሷ ውስጥ ተናገረች።

«ይቅር በዪኝ።»

«እ?» አለች እናትየዋ።

«ይቅር በዪኝ እማዬ።»

«ጮክ በዪ። ጆሮዬ ደክሟል አላልሽም?»

ልብስ ሰፊዋ ቀና ብላ አየቻት። የእናቷ ፊት አልሳቀም፣ አልተቆጣምም፤ የጎረሰችውን እያላመጠች ትጠብቃለች። ልጅቷ ትንፋሽዋን ስባ፣ ሃያ መኪና በሚያጓራበት ቤት በምትጮኸው ድምፅ፣ ጠዋት ኮሪደሩን ባናወጠችበት ድምፅ «ይቅር በዪኝ እማዬ! አንቺ ሰምተሽ ነበር! እኔ ነኝ ያልሰማሁት!» ብላ ጮኸች። ታች የጎረቤትየዋ ካውያ ጠረጴዛውን መምታቱን አቆመ።

«አሁን ሰማሁ» አለች እናትየዋ። ከዚያ ጠዋት የተወረወረውን ካልሲዋን ከአልጋው ሥር እንድታወጣላት ጠየቀቻት፤ እግሯን በርዷት ነበር።